የአሥራ ሁለት ቀን ዝምታ

በጾም ወራት ሥጋ ትታችሁ በምላሳችሁ ስንት ሰው በልታችኋል?

አንድ ጊዜ ባሏ በጨው መንገድ ላይ የሞተባት አህያ ነበረች። ከእሱ የቀራት አንድ ውርንጫ ብቻ ነው። ክረምቱ ከብዶ የፍልሰታ ጾም ሲገባ የዱሩ ንጉሥ አያ አንበሳ ሱባዔ ገባ። ዳኛ በሌለበት አገር ጅብ ጌታ ነውና አህያዋ ልጇን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር ባለ ዋሻ ተሸሸገች። ዝናቡ ኮቴያቸውንም ሽታቸውንም አጥቦታል። የሚያስይዛቸው ድምፅ ብቻ ነበር።

«አሥራ አምስቱን ቀን አርምሞ ይዣለሁ» አለችው ልጇን። «አንበሳ እስኪመለስ ክፉም ደግም ከአፌ አይወጣም። ለእግዜር ስእለት ነው፤ ለአንተ ደግሞ ነፍስ ነው።»

ዝም አለች። ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲሰፍር ዝም፣ አለቱ ጎኗን ሲልጣት ዝም። ውርንጫው ጆሮዋን እየላሰ ሊያስቃት ሲሞክር ሳቋንም ዋጠችው።

ጅብ አህያዋን ፍለጋ ደኑን ሲዞር ከርሞ ደከመው።

«እመት ቀበሮ፣ አፍንጫዬ ሞተ መሰለኝ።»

«አያ ጅቦ፣ አፍንጫ ምን ያደርግልሃል? እሷ የምትያዘው በክብሯ ነው። አንተ ዝም ብለህ ተከተለኝ፤ ብቻ ሆድ ዕቃው የኔ ነው።»

«ሆድ ዕቃው?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ግማሹን እንኳ…»

«ዝም በል አልኩህ!»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቀበሮ ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወረች ትለፈልፍ ጀመር።

«የደብሩን ገብስ የበላችው አህያ ናት አሉ!»

አህያዋ ዝም አለች።

«እናቷም ሰነፍ ነበረች፤ ዱላ ነው ያስረጃት!»

አህያዋ ከንፈሯን ነከሰች። ውርንጫው ተጠጋትና «እማ፣ ተያት፤ ነፋስ ናት» አላት በሹክሹክታ።

«ባሏ ደግሞ ሞተ ይሉናል! የት ይሞታል? የሰው ጨው ሜዳ ላይ ጥሎ የቆላ አህያ ተከትሎ ነው የጠፋው!»

አህያዋ ያንን ቁልቁለት ታውቀዋለች። ባሏ ጉልበቱ ሲከዳው እንኳ ጨው እንዳይረጥብ ብሎ ወደ ደረቁ ወገን ነበር የወደቀው። ስእለቱ፣ ልጇ፣ የቀሩት ሦስት ቀናት፣ ሁሉም ከልቧ ጠፉ።

«ውሸታም! ባሌ ጭነቱን እንደ ተሸከመ ነው የሞተው!» ብላ አናፋች።

ገደሉ ድምፅዋን ተቀብሎ አስተጋባ። ማስተጋባቱ ሳያበቃ ጅብ ከዋሻው ደጃፍ ደረሰ። ረገጠችው፣ ነከሰችው፤ ጅብ ግን የያዘውን አይለቅም። ውርንጫው አንዴ «እማ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ጾሙ ሲፈታ አንበሳ ተመለሰና ለዕርቅ ሰበሰባቸው። ቀበሮና ጅብ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከአህያዋ እግር ሥር ተደፉ።

«እኔ እኮ ወሬ ነው ያወራሁት፤ ጥርሴ አልነካውም» አለች ቀበሮ።

«ይቅር ካለች ድግስ አለ ወይ?» አለ ጅብ ከድንጋዩ ሥር።

አንበሳ አፈረ። «እመት አህያ፣ አንቺ ጾመኛ ነሽ። ይቅር ለእግዜር በይ።»

«አልልም።»

«ለማንኛቸው?»

«ለቀበሮም፣ ለጅብም አልልም። አገሩን ያለ ዳኛ ጥለው ለሄዱት ለእርስዎም አልልም። ሦስት ቀን መታገሥ አቅቷት ለጮኸችውም እናት አልልም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚጾም ሁሉ የሚወደው ሲሰደብበት አንደበቱን ካልገታ፣ እውነት የሆነች ቃል እንኳ ልጅ እንደምታስበላ ነው፤ አህያዋም እስከ ዕለተ ሞቷ ማንንም ይቅር አላለችም።