ቀዩ ክር ያለቀበት ስጋጃ

በሉ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ እንቅልፍ የያዘው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ይልቀቅ። የምነግራችሁ ተረት የሚያሳፍር ተረት ነው። እኔው ራሴ ስናገረው ፊቴን ይሞቀኛል።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ብርዳም ደጋ አገር እሜቴ ውድነሽ የሚባሉ ጥልፍ አዋቂ ነበሩ። ዓይናቸው ግን ደከመ። መርፊት የሚሏት አንዲት መርፌ ነበረቻቸውና «ልጄ፣ ከእንግዲህ ዓይኔ አንቺ ነሽ» አሏት። መርፊትም ይህን በሰማች ቁጥር ደረቷን ትነፋለች። መርፌ ምን ደረት አላት አትበሉኝ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።

እሜቴ ልጃቸውን የውብዳርን ሊድሩ ሆነና ሰባት አበባ ያለው የሱፍ ስጋጃ መጥለፍ ጀመሩ። በዚያ አገር ወግ የሙሽራዋ እናት የጠለፈችውን ስጋጃ አማትየዋ በሠርጉ ቀን በሰው ፊት ትቀበላለች። ታዲያ ፊቱን አታይም፤ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ጀርባው ከጸዳ «ከደህና ቤት ልጅ አገኘሁ» ብላ እልል ትላለች። ካልጸዳ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ሙሽራዋን እስክታረጅ ድረስ ይከተላታል።

በእሜቴ የክር ሙዳይ ውስጥ ሦስት ክሮች ነበሩ፤ ጥቁሩ፣ ቢጫውና ቀዩ። ጥቁሩ ከጥቁር በግ ተፈትሎ ቀለም ያልነካው ነው። ቀዩ ግን በአንድ ድስት፣ በአንድ ቀን ተነክሮ የወጣ ነው፤ ሌላ ቀን ቢነክሩ ያው ቀለም አይመጣም። ስለዚህ እሜቴ መርፊትን አደራ አሏት፤ ቀዩ ለአበባው ልብ ብቻ ነው፣ አንዱ ልብ ሲሞላ ንገሪኝ፣ ቋጥሬ እቆርጠዋለሁ አሏት። ጥቁሩ ደግሞ በመጨረሻ ዙሪያውን ይዘጋል።

መርፊት እሺ አለች። ግን ክር ሲቆረጥ ባዶዋን መቆም ሊሆን ነው፤ ባዶዋን መቆም አልወደደችም። ቀዩን ይዛ ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ ያደንቃታላ። እናም የመጀመሪያው አበባ ልብ ሲሞላ ዝም አለች። ቀዩን በስጋጃው ጀርባ ጎትታ ወደ ሁለተኛው ተሻገረች።

ጥቁሩ ክር አያትና ክሩን በከንቱ አታስኪጂው፣ ነግ አማት ታየዋለች አላት። «ሠርጉ ገና ነው» አለችው። በአራተኛው አበባ ላይ ቢጫው ለመናት። «ሠርጉ ገና ነው፣ አስተካክለዋለሁ» አለችው። በስድስተኛው ላይ ቀዩ ራሱ «መርፊት፣ እኔ እኮ እያለቅሁ ነው» አላት። «ሠርጉ ገና ነው» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

ሰባተኛው አበባ ላይ ሲደርሱ ቀዩ አለቀ። እሜቴ ሙዳዩን ዳብሰው፣ ዳብሰው፣ ቀዩ የት ገባ ብለው ጠየቁ። መርፊት እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። ጥቁሩ ቀንቶበት ደብቆታል አለች። ጥቁሩ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? እሜቴ «ዓይኔ» ያሏትን አመኑ፤ ጥቁሩን አውጥተው ጓሮ አመድ ላይ ጣሉት። የሰባተኛው አበባ ልብም፣ የስጋጃው ዙሪያም በቢጫው ተዘጋ።

የሠርጉ ቀን አማትየዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ስጋጃውን ተቀብለው ገለበጡት። ቀዩ ክር ከአበባ እስከ አበባ፣ እንደ ሰነፍ ጎረምሳ ተጋድሞ ተኝቷል። የሰባተኛው አበባ ልብ ግን ቢጫ ነው። «ቀዩስ እዚህ ኖሯል» አሉና ዝም አሉ። ሴቶቹ እልልታቸውን ዋጡት። የውብዳር አንገቷን ደፋች።

እሜቴ ውድነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔም እጄም ከድቶኛል» አሉ። «ልጄን በእኔ አትመዝኑብኝ።»

መርፊት በቀሚሳቸው አንገት ላይ ተሰክታ ይህን ሰማች። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። አንዴ ልትናገር ቃጣትና ተወችው። ሁለተኛም ተወችው። በሦስተኛው የእሜቴ እንባ ወርዶ እሷው ላይ ጠብ አለ።

«እሳቸው አላጠፉም» አለች። «ቀዩን ያባከንኩት እኔ ነኝ። ጥቁሩንም በሐሰት የከሰስኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ነሽ ብለውኝ ነበር።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ስጋጃውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። ልጅቷ ምን አጠፋች፣ የእናቷም ቤት ንጹህ ነው አሉና እልል አሉ። ሠርጉ ደመቀ።

እሜቴ ግን ወደ ጓሮ ወጡ። ጥቁሩን ክር ከአመዱ አንሥተው አራገፉና «ይቅር በለኝ፣ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ» አሉት። አመድ ነው እማዬ፣ ይራገፋል አላቸው። ከዚያ ሌላ ጥልፍ ሊጀምሩ በመርፊት ቀዳዳ አሾለኩት። መርፊት ስድቡን ጠበቀች። ጥቁሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዝም ብሎ ተከተላት። ከስድብ ሁሉ ይህ ከበዳት።

ከዚያ ወዲህ መርፌ ቀና ብላ ገብታ አታውቅም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጭንቅላቷን ደፍታ ነው ጨርቅ ውስጥ የምትገባው።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኳት። «ዓይኔ ነህ» ያለህን ሰው አታሳውረው።