አርባኛዋ ትርሲትና አልበራ ያለው ኮምፒውተር

ሁለት ዓመት ተከታትሎ አርባኛ የወጣ ልጅ ምንም አልተማረም ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ከተማሪነቴ ጀምሮ ይዤው ስዞር ነበር፤ አስተማሪ ሆኜም አልለቀቀኝም።

ካርድ በተሰጠ ማግሥት የትርሲት አባት አቶ ደምመላሽ መሸኛዋን ሊወስዱ መጡ። "ዐምና አርባኛ፣ ዘንድሮም አርባኛ። ባለችበት የምትቆም ከሆነ አክስቷ ሱቅ ሄዳ ትቁም። በከሰዓቱ መኪና እንሄዳለን።"

ትርሲት ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ በጥቅምትና በግንቦት በኮምፒውተር የተፈተንነውን ያሳዩን። ካላደግሁ እሄዳለሁ።"

ኮምፒውተሩን "የትርሲትን እድገት አሳየን" አልነው። "መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ አልበራም" አለ።

ጄኔሬተሩን "ተነስ፤ ኮምፒውተሩ አልበራ ብሏል፣ የትርሲት እድገት አልታይ ብሏል" አልነው። "ቤንዚን ካልጠጣሁ አልነሳም" አለ።

ቤንዚኑን "ና ውጣ፤ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል፣ ኮምፒውተሩ አልበራ ብሏል፣ የትርሲት እድገት አልታይ ብሏል" አልነው። "የዕቃ ክፍሉ በር ተቆልፎብኝ በየት ልውጣ?" አለ።

የበሩ ቁልፍ የንብረት ክፍሉ ጋሽ አበጋዝ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጋሽ አበጋዝ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ቤት ተሰልፈዋል። ሄድን።

"ጋሽ አበጋዝ፣ ይምጡልን፤ በሩ አልከፈት ብሏል፣ ቤንዚኑ አልወጣ ብሏል፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል፣ ኮምፒውተሩ አልበራ ብሏል፣ የትርሲት እድገት አልታይ ብሏል።"

"እህሌን ሳላስፈጭ አልመጣም።"

"እሺ፣ ቁልፉን ይስጡን።"

"ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው እኮ። ቁልፉ ከኔ ጋር ነው የሚሄደው፤ እኔ ደግሞ ከተራዬ አልነቃነቅም።"

ከሰልፉ ፊት እትዬ አስካለ ቆመዋል። ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልወድም፤ ግን ተናገርኩ። "እትዬ አስካለ፣ ተራዎን ይልቀቁልን፤ ጋሽ አበጋዝ አልመጣም ብለዋል፣ በሩ አልከፈት ብሏል፣ ቤንዚኑ አልወጣ ብሏል፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል፣ ኮምፒውተሩ አልበራ ብሏል፣ የትርሲት እድገት አልታይ ብሏል።"

ሰልፈኛው ሳቀ። "አንቺም መናገር ትችያለሽ ለካ" አሉ እትዬ አስካለ። "ለመሆኑ እድገት የምትይው ደረጃውን አይደለም?"

"አይደለም። ደረጃ ትርሲትን ከሌላ ልጅ ጋር ያስተያያታል፤ እድገት ከጥቅምቷ ትርሲት ጋር።"

እትዬ አስካለ ጠጋ አሉኝ። "የኔም ልጅ ከሠላሳኛ ወጥቶም ወርዶም አያውቅም። የሱንም ታሳዪኛለሽ?"

"አሳይዎታለሁ።"

"እንግዲያው አንተ አበጋዝ፣ ና ቅደመኝ።"

እትዬ አስካለ ተራ ለቀቁ፤ ጋሽ አበጋዝ አስፈጭተው ዱቄታቸውን ተሸክመው መጡ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቤንዚኑ ወጣ፤ ጄኔሬተሩ እየተንገራገጨ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩ በራ፤ የትርሲት እድገትም ታየ። በጥቅምት ከታች የጀመረው የውጤቷ መስመር በግንቦት ሽቅብ ወጥቷል።

አቶ ደምመላሽ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። "ታዲያ ለምን አርባኛ ሆነች?"

"ሌሎቹስ መቼ ቁጭ ብለው ጠበቋት? እነሱም አደጉ።"

ልጃቸውን አዩ፤ መስመሩን ደግመው አዩ። "በቃ፣ መኪናው ይሂድ" አሉ።

እኔም ወሰንኩ፤ ከእንግዲህ ካርድ ስሰጥ ከደረጃው በፊት የእያንዳንዱን ልጅ መስመር ለወላጁ አሳያለሁ። መጀመሪያ የጠራሁት እትዬ አስካለን ነው።