በልጆች ድምፅ የተሻሩት ዳይሬክተር

የተማሪ ፓርላማ የሻረው ዳይሬክተር እውነት ተሽሯል? የሰናይት እናት ይህን እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪው ልጆቹ መንግሥትን በተግባር ይማሩ ብሎ ክፍሉን ፓርላማ አደረገው። የአሥረኛ ክፍሏ ሰናይት አፈ ጉባኤ ሆነች። ሽንት ቤቱ ሦስት ወር ተቆልፎ ስለከረመ፣ ዳይሬክተሩ ከሥልጣን ይነሱ ብላ ድምፅ አሰጠች፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ዘበኛው የተለጠፈውን ውሳኔ ሲያይ የምር መሰለውና በማግስቱ ሰውየውን ከበር መለሳቸው።

ዳይሬክተሩ እናትየዋን አስጠሩ። እሷም ልጄ ያለ ትምህርት ልትቀር ነው ብላ እየሮጠች መጣች። ሰውየው እዚያው ከበሩ ውጭ እንደቆሙ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን አባርሬያታለሁ!» አሏት።

«ጋሼ፣ ፓርላማው የምር ነው የጨዋታ?»

«የጨዋታ ነዋ!»

«እንግዲያው በጨዋታ የሻረችዎትን በጨዋታ ያባርሯት፤ እሷ ክፍሏ ገብታ ትማር። የምር ነው ካሉኝ ደግሞ፣ የተሻረ ሰው ተማሪ የሚያባርረው በማን ማኅተም ነው?»

በዚህ ሰናይት ክፍሏ ገባች። ዘበኛው ግን በሩን እንደያዘ ወደ እናትየዋ ዞሮ፣ «እሳቸውንስ ላስገባ?» አላት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እባካችሁ ቶሎ ምከሯት፤ ሰውየው ፀሐይ ላይ ናቸው።