ጅብ የወለደች ለት

ተረት ተረት፤ የደመና በረት።

በአንድ አገር ጦጢት ዋርካ ላይ ወጥታ የአየሩን ነገር ለእንስሳት ሁሉ ትናገር ነበር። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ዝናቡ ሳያባራ ፀሐይ ብቅ አለች።

“ብርዱ ተሰበረ፤ ከነገ ጀምሮ ሙቀቱ ይበረታል” አለች ጦጢት። “ዛሬ ግን ጅብ ወለደች!”

ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ እንዲህ ይባላል። ይሉኝታ የሚያጠቃት አህያ ግን የእውነት መሰላት። ገንፎ አገንፍታ ወደ ጅቢት ዋሻ ሄደች።

“እመት ጅቢት፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!”

ጅቢት የወለደችው የለም። ገንፎውን አየች፣ አህያዋን አየች፣ ቶሎ ብላ ተኛች።

“አሜን! ሴት ናት። ነይ ግቢና ሳሚያት።”

“ኧረ በሞቴ! ፀሐይ ላይ ቆይቼ አራስ ቤት ምች ይዤ አልገባም።”

አህያ ገንፎውን ደጅ አስቀምጣ ወደ ጎረቤት ሮጠች። “ፀሐይዋ ልትበረታ ነው፤ የአራሷ ዋሻ መዝጊያ የለውም!” አለቻቸው።

ሁሉም ግር ብለው መጡ። ጅቢት የኮቴውን ብዛት ስትሰማ ምራቋን ዋጠች፤ እንዳይሸሹባትም ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጨልሟል። የዋሻው አፍ በትልቅ ቋጥኝ ተዘግቷል።

“ክፈቱ! እኔ አልወለድኩም!”

ጦጢት ቋጥኙ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

“ወይኔ፣ ምች መቷታል፤ ትቀባዥራለች” አለች። “የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ እስከዚያ እንዳትከፍቱ።”

ተረቴን መልሱልኝ፤ ገንፎውንስ እነሱ ጨርሰውታል።