ዱላውና ጥላው

አንድ ቀን መሬት ቀያሹ አቶ ምትኩ ወደ አያ ይስማው ማሳ መጣ። መንገድ ስለሚያልፍበት ማሳው ይወሰድና በልኩ ከታች ሜዳው ላይ ምትክ ይሰጠዋል ተብሏል። ማሳ ይባል እንጂ የአያ ይስማው መሬት ግድግዳ ነው፤ በሬዎቹ የሚያርሱት አንጋጠው ነው። አቶ ምትኩ ዳገቱን ሳይረግጥ ከሥር ሆኖ በመሣሪያው አየና «ርዝመቱ መቶ ሜትር» ብሎ ጻፈ።

አያ ይስማው ክው አለ። «ኧረ ጌታው! በገመድ ስለካው መቶ አርባ ነው። ሃያ ዓመት የተመላለሰበት እግሬ ያውቀዋል።»

«አንተ የለካኸው ዳገቱን ነዋ!» አለ አቶ ምትኩ። ይህ ሰው ዕውቀቱን የሚያሳየው ሰው ካገኘ ምሳውንም ይረሳል። የአያ ይስማውን ዱላ ተቀበለና በቀትሩ ፀሐይ አዘንብሎ ያዘው። «ጥላውን እየው፤ ከዱላው ያጥራል አይደል? እኛም ካርታ ላይ የምናሰፍረው እንዲህ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲታይ የሚያርፈውን ብቻ ነው። ፕሮጀክሽን ይባላል። ወረቀት ላይ ዳገት የለም፤ ሁሉም ሜዳ ነው።»

«ታዲያ እኔ ዱላውን ሰጥቼ ጥላውን ልቀበል?»

«ሳይንስ ነው አያ ይስማው! ከሳይንስ ጋር አትከራከር።»

አያ ይስማው ዱላውን መልሶ ተቀበለ። አርባ ሜትር ማለት ለቤተሰቡ የክረምት ቀለብ ነው።

አሁን የቀረው የላይኛውን ችካል መትከል ነበር። ቀያሹ ራሱ እዚያው ቆሞ ካልፈረመ ደግሞ ልኬቱ አይጸናም። አቶ ምትኩ ሽቅብ አየ፤ ቀጥሎ ቦርጩን አየ፤ ከዚያ ያን የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ። እንደ ምንም ሃያ እርምጃ ያህል ወጣና ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ።

«አያ ይስማው... እባክህ... ያቺን በቅሎህን ጫንልኝ።»

አያ ይስማው ዱላውን ተደግፎ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ምነው ጌታው፣ ለመቶ ሜትር ሜዳ በቅሎ ይጫናል?»

በቅሎዋ የተጫነችው አቶ ምትኩ መዝገቡን አውጥቶ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ «መቶ አርባ» ብሎ ካረመ በኋላ ነው።