የውሃ ሽማግሎች ወንበር

የፈለጋችሁትን ልማል፣ አታምኑኝም እንጂ የታችኛው ሰፈር ሽንኩርት ከውሃ ጥም የተነሣ ሲያስል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመስኖውን ተራ የሚያወጡት ሰባቱም ሽማግሎች የላይኛው ሰፈር ሰዎች ናቸዋ! አንዲት የታችኛው ሰፈር ሴት ሸንጎው ፊት ቆማ፣ «ከእኛም አንድ ሰው ይቀመጥ» አለች።

የሰባቱ ሽማግሎች አለቃ፣ የውሃ አባቱ ባላምባራስ ድልነሳሁ ከት ብለው ሣቁ። «አንቺ ሴት፣ እኛ ሰፈር አንቆጥርም። ፍርድ ፍርድ ነው፤ ማንም ቢቀመጥ ያው ነው!»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለች እጅ ነሥታ። «ያው ከሆነማ ምን ቸገረን? ለዘንድሮ ሰባታችሁም ተነሡና እኛ እንቀመጥ።»

ከባላምባራስ ጎን የነበሩት ሽማግሌ ደንግጠው ብድግ አሉ።

«ኧረ አይሆንም! የእኔ ማሳ ምን ሊጠጣ ነው?»