ሐሳብ የሚያነበው ኮምፒውተር

የአንድ ሆስፒታል ዳይሬክተር፣ ልብስ ማጠቢያው ሳሙና ካለቀበት ሁለት ወር ሲሆነው፣ አእምሮ የሚመረምር ኮምፒውተር አስገዛ። ሠራተኞቹን ሰብስቦም «ይህ መሣሪያ የሰው ሐሳብ ያነባል። ፈተናውን የወደቀ ይባረራል» አለ።

መጀመሪያ የጠራው ልብስ አጣቢዋን ነበር፤ በየስብሰባው «ሳሙና ይገዛልን» እያለች ታሳጣው ነበርና። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጧት ከኋላዋ ቆመና አንገቱን አስግጎ ለኮምፒውተሩ ጥያቄዎች የምትሰጠውን መልስ አንድ በአንድ ተከታተለ።

ሲያበቃ ውጤቱን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አነበበ።

«ሰው ይከታተልሻል ወይ ሲልሽ ‹አዎ› ብለሻል። ሊጎዳሽ የሚፈልግ አለ ወይ ሲልሽም ‹አዎ›። ሐሳብሽን የሚያነብ መሣሪያ አለ ወይ ቢልሽ፣ አሁንም ‹አዎ›! የአእምሮ በሽተኛ ነሽ ብሏል ኮምፒውተሩ። ምን ትያለሽ?»

ሴትየዋ እጇን በሽርጧ ጠረግ አድርጋ ተነሳች።

«ምን እላለሁ ዶክተር፤ ከኋላዬ ቆመው ሲከታተሉኝ የነበሩት እርስዎ፣ አባርራለሁ ያሉት እርስዎ፣ ሐሳብ የሚያነብ መሣሪያ መጣ ብለው የነገሩንም እርስዎ። ይህ በሽታ ከሆነ፣ ጋዋንዎን ሳጥብ ተጋብቶብኝ መሆን አለበት። ሳሙና ይገዛልን ያልኩት እኮ ለዚህ ነው።»